ብራችን ዛሬ ስንት ያወጣል? የገንዘብን ዋጋ በገበያና በምንዛሬ የመለኪያ ዝርዝር መመሪያ

ብር ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ጉልት ላይ ይታወቃል፦ በዚህ ብር ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይመጣል? ሁለተኛው ባንክ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፦ አንድ ዶላር በስንት ብር? ብዙዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገን ነው የምናወራው። ዶላር ጨመረ ሲባል ብር ረከሰ እንላለን። ዶላር ባለበት ሲቆም ደግሞ ብሩ ያልተነካ ይመስለናል። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ለዓመታት ተለያይተው የሄዱበት ጊዜ አለ። በዚያ ልዩነት ውስጥ የስንት ሰው ቁጠባና ደመወዝ ቀልጧል፤ ከውጭ የተላከ ገንዘብም እንዲሁ።

ይህ መመሪያ ሁለቱንም ዋጋ ራሳችሁ እንድትለኩ የተጻፈ ነው። ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ የለበትም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ

ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ በአንድ መስመር ጻፉ። ገንዘቡ የሚወጣው የት ነው? አዲስ አበባ ተከፍሎት አዲስ አበባ ለሚበላ ሠራተኛ ዋናው ጉዳይ የገበያ ዋጋ ነው። ለልጁ ትምህርት ውጭ አገር የሚከፍል ወላጅ ወይም ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የሚያየው ምንዛሬውን ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ለእናቱ የሚልክ ሰው ግን ሁለቱም ያስፈልጉታል። ዶላሩ ወይም ሪያሉ መጀመሪያ ወደ ብር ይቀየራል፤ ብሩ ደግሞ ወደ ጤፍና ዘይት።

ይህን ሳይለዩ መጀመር ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ደመወዙን በዶላር እያሰላ «ድሮ ይህን ያህል ዶላር ነበረ፣ ዛሬ ይህን ያህል ሆነ» ብሎ የሚያዝን ሰው ብዙ አለ። የቤት ኪራዩንና የትራንስፖርቱን የሚከፍለው ግን በብር ነው። ኪሳራ ሊኖርበት ይችላል፤ ልኩን የሚያውቀው በትክክለኛው መስፈሪያ ሲለካ ነው።

ደረጃ 2፦ የዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሉ

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ስሌት የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የዓለም አቀፍ ተቋማት ዓመታዊ አኃዝ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በፈረንጅ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። «በ2016» የሚል ጽሑፍ ስታገኙ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳታረጋግጡ ቁጥሩን አትጠቀሙበት። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የብር የመግዛት አቅም ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል።

ወርንም ከተመሳሳይ ወር ጋር ነው የምታወዳድሩት። በፋሲካ ሰሞን የዶሮና የቅቤ ዋጋ ይሰቀላል። እህል በመኸር ማግስት ይረክሳል፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። የሚያዝያን ዋጋ ከጥር ጋር አስተያይቶ «ግሽበቱ ይህን ያህል ነው» ማለት በዓሉንና ወቅቱን የገንዘቡ ጥፋት ማድረግ ነው። ሚያዝያን ከአምናው ሚያዝያ፣ ጥርን ከአምናው ጥር ጋር አስተያዩ።

ደረጃ 3፦ የግሽበትን ቁጥር ይዛችሁ አባዙ፤ አትደምሩ

የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሸማቾች ዋጋ መረጃ ያወጣል። ቤተሰብ የሚገዛቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች ዝርዝር አለው። እያንዳንዱ እንደ ወጪው መጠን ክብደት ይሰጠዋል። በዚህ ዝርዝር የምግብ ድርሻ ከግማሽ በላይ ነው። ለዚህ ነው እህል ሲወደድ አጠቃላዩ ግሽበት አብሮ የሚሰቀለው።

አሁን በእውነተኛ ቁጥር እንሥራ። የኢትዮጵያ አማካይ ዓመታዊ ግሽበት እ.ኤ.አ. በ2021 26.8 በመቶ፣ በ2022 33.9 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ 30.2 በመቶ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት፣ ድርቅ፣ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ የወሰደው ብድር፣ የዩክሬን ጦርነት በስንዴ፣ በነዳጅና በማዳበሪያ ላይ ያመጣው ጭማሪ ሁሉም አንድ ላይ የገቡበት ጊዜ ነው።

በሦስቱ ዓመት ዋጋ ስንት ጨመረ? ሰው ቶሎ ብሎ ይደምርና 91 በመቶ ገደማ ይላል። ይህ ስህተት ነው። የሁለተኛው ዓመት ጭማሪ የሚያርፈው አስቀድሞ በተወደደው ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በመቶኛ ወደ ማባዣ ቀይሩት። 26.8 በመቶ ማለት 1.268 ነው። 33.9 በመቶ 1.339 ነው። 30.2 በመቶ 1.302 ነው። ከዚያ አባዙ፦

1.268 × 1.339 × 1.302 = 2.21

እ.ኤ.አ. በ2020 በአማካይ 100 ብር ያወጣ የነበረ ዕቃ በ2023 221 ብር ገባ ማለት ነው። ጭማሪው 121 በመቶ ነው። ደምሮ 91 ያገኘው ሰው በ30 ነጥብ ተሳስቷል፤ በዚያ ስሌት ደመወዝ ቢደራደር ደግሞ ራሱን ጎድቷል።

ይህን 2.21 ያዙት። ከዚህ በኋላ ደጋግመን እንጠቀምበታለን።

ከተቻለ ከበመቶኛው ይልቅ የዋጋ ጠቋሚውን ቁጥር ራሱን ፈልጉ፤ ጠቋሚው የዝርዝሩን ዋጋ በአንድ መነሻ ዓመት 100 ብሎ ከዚያ ወዲህ ስንት እንደደረሰ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የኋለኛውን ወር ቁጥር ለቀደመው ማካፈል ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ማባዣውን ይሰጣችኋል። በመንገድ ላይ ግን ጠቋሚው መነሻ ዓመቱን ቀይሮ ሊሆን ይችላል። መነሻቸው የተለያየ ሁለት ቁጥሮችን አታካፍሉ።

ደረጃ 4፦ የድሮውን ብር ወደ ዛሬ፣ የዛሬውን ወደ ድሮ አምጡ

ሕጉ አንድ ነው። የድሮውን ብር ወደ ኋለኛው ዘመን ለማምጣት በማባዣው አባዙ። የኋለኛውን ወደ ድሮው ለመመለስ አካፍሉ።

እ.ኤ.አ. በ2020 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው በ2023 ኑሮው ባለበት እንዲቆም 22,100 ብር ያስፈልገዋል። ደመወዙ ወደ 15,000 አድጎ ከሆነ ደግሞ 15,000 ÷ 2.21 = 6,787 ብር። በወረቀት 50 በመቶ ጨምሯል፤ በገበያ ግን አንድ ሦስተኛ ያህሉን አጥቷል። «ጨምረንልሃል» የሚል አሠሪ ፊት ይህን አንድ መስመር ስሌት ይዞ መቅረብ ከብዙ ክርክር ይሻላል።

ቁጠባም በዚሁ ይለካል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ነበር። 100,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 አገኘ እንበል። ግሽበቱ 30.2 በመቶ ከሆነ 107,000 ÷ 1.302 = 82,181 ብር። ብሩ በዛ፤ የመግዛት አቅሙ ግን 18 በመቶ ገደማ ወረደ። እዚህም 30.2 ላይ 7 ቀንሶ «23 በመቶ ከሰርኩ» ማለት ልክ አይሆንም። ግሽበት ዝቅ ሲል መቀነስ ለግምት ያገለግላል፤ ሲሰቀል ግን ያሳስታል።

እቁብን ስለምንወድ እቁብንም እንለካው። አሥራ ሁለት ሰው በወር 10,000 ብር ይጥላል እንበል። እቁቡ መጀመሪያ የወጣለትም መጨረሻ የወጣለትም 120,000 ብር ይወስዳሉ። ዋጋ በወር 2.2 በመቶ ቢጨምር፣ ማለትም በዓመት 30 በመቶ ገደማ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር የሚወጣው 120,000 በመጀመሪያው ወር ዋጋ 94,500 ብር ያህል ብቻ ነው። የመጨረሻው ሰው የጣላቸው የኋለኞቹ መዋጮዎችም በረከሰ ብር ስለሆኑ ሙሉ ልዩነቱ ኪሳራው አይደለም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ሰው ጋር እኩል አልወጣም። ግሽበት በከፋበት ዘመን እቁቡን አጠር ማድረግ ወይም ኋላ የወጣው በሚቀጥለው ዙር ቀድሞ እንዲወጣ መስማማት ለአባላቱ ፍትሐዊ ነው።

ደረጃ 5፦ የራሳችሁን ቤት ግሽበት ለኩ

የመንግሥት ቁጥር አማካይ ነው። ኪራይ የማይከፍል ሰውና ከገቢው ግማሹን ለአከራይ የሚሰጥ ሰው አንድ ዓይነት ግሽበት የለባቸውም። ስለዚህ የቤታችሁን ዝርዝር ሥሩ። ዋጋውን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ መጠኑንም ጻፉ።

የሚከተሉት ዋጋዎች ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቤት በወር 25 ኪሎ ጤፍ በ2,500፣ 5 ሊትር ዘይት በ1,000፣ 8 ኪሎ ሽንኩርት በ400፣ ትራንስፖርት በ1,100፣ ኪራይ በ6,000 ብር ያወጣል። ድምሩ 11,000 ነው። በዓመቱ በዚያው ወር ጤፉ 3,000፣ ዘይቱ 1,250፣ ሽንኩርቱ 800፣ ትራንስፖርቱ 1,300፣ ኪራዩ 7,500 ሆነ። ድምሩ 13,850። 13,850 ÷ 11,000 = 1.259። የዚህ ቤት ግሽበት 25.9 በመቶ ነው።

አሁን ውስጡን ተመልከቱ። ሽንኩርት እጥፍ ሆኗል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሽንኩርት ነው። በወር የጨመረው ግን 400 ብር ብቻ ነው። ኪራይ የጨመረው በ25 በመቶ ነው፤ ከቤቱ የወሰደው ግን 1,500 ብር ነው። ኑሮውን የሰበረው ኪራዩ ነው። በዚህ መንገድ ስትለኩ የትኛው ወጪ ላይ መደራደር ወይም መቀነስ እንዳለባችሁ ቁጥሩ ራሱ ያሳያችኋል።

ዕቃው እንዳይለወጥባችሁ ተጠንቀቁ። አምና ማኛ፣ ዘንድሮ ሰርገኛ ከገዛችሁ ዋጋው ያልጨመረ ይመስላል። ዳቦም ዋጋው ሳይነካ ግራሙ ሊቀንስ ይችላል፤ እሱም ግሽበት ነው።

ደረጃ 6፦ ምንዛሬውን አንብቡ፤ የበመቶኛውን ወጥመድ እለፉ

የባንክ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፦ መግዣና መሸጫ። መግዣው ባንኩ ከእናንተ ዶላር ሲገዛ የሚሰጣችሁ ብር ነው። መሸጫው ሲሸጥላችሁ የሚያስከፍላችሁ ነው። ከውጭ የተላከ ገንዘብ የምትቀበሉ ከሆነ የምታዩት መግዣውን ነው። የሁለት ቀን ተመን ስታወዳድሩ የአንዱን መግዣ ከሌላው መሸጫ ጋር አታጋጩ። የአስተላላፊውን ክፍያም አትርሱ። «የአገልግሎት ክፍያ የለም» የሚል ድርጅት ትርፉን በምንዛሬው ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ይህን ያህል ዶላር ብሰጥ በመጨረሻ እጅ የሚገባው ስንት ብር ነው?

ወደ ወጥመዱ እንምጣ። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያን ዕለት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ አንድ ዶላር ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ዘለለ። «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» ተባለ። ልክ አይደለም። 74.73 ÷ 57.48 = 1.30 ነው፤ ስለዚህ በ30 በመቶ የጨመረው ዶላሩ ነው። የብሩን ለማወቅ ማገላበጥ አለባችሁ፦ 57.48 ÷ 74.73 = 0.769። ብሩ የወረደው በ23 በመቶ ነው። በ100,000 ብር አርብ ዕለት 1,740 ዶላር ይገኝ ከነበረ ሰኞ 1,338 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

ለውጡ ትልቅ ሲሆን የሁለቱ በመቶኛ ልዩነት ይሰፋል። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የሽግግር መንግሥቱ ተመኑን ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲያወጣው ዶላሩ በ141 በመቶ ጨመረ። ብር ግን 141 በመቶ ሊወርድ አይችልም፤ ከመቶ በላይ የሚወርድ ነገር የለም። የወረደው 59 በመቶ ገደማ ነው። ዜና ስታነቡ «የማን በመቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ከሁለቱ የተነቃነቀው ማን እንደሆነ ለዩ

ምንዛሬ የሁለት ገንዘቦች ዋጋ ነው። አንዱ ሳይነቃነቅ ሌላው ሊነቃነቅ ይችላል።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ያህል ነበር። በ1956 ዓ.ም. 2.50 ሆነ። በ1964 ዓ.ም. ወደ 2.30፣ በ1965 ዓ.ም. ወደ 2.07 ወረደ። ብር ጠነከረ ማለት ነው? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 ዶላሯን ከወርቅ አላቀቀች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻና በ1973 መጀመሪያ ዶላሯን ሁለት ጊዜ አረከሰች። ወደ ታች የሄደው ዶላሩ ነው።

ከዚያ በኋላ 2.07 ሃያ ዓመት ገደማ ሳይነቃነቅ ቆየ። ይህን ያህል የቆመ ተመን ያስተማረን ነገር አለ። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር በአዋጅ ሊቆም ይችላል። የገበያ ዋጋ ግን በአዋጅ አይቆምም። ሁለቱ ሲራራቁ ጥቁር ገበያ ይወለዳል፤ ዶላር በባንክ ይጠፋል፤ አንድ ቀንም ተመኑ በአንድ ጊዜ ይዘላል። በ1985 የሆነው ይኸው ነው። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ 17 በመቶ ያህል፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ 13 በመቶ ያህል ብር እንዲረክስ የተደረገው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን ሰኔ ታስታውሳላችሁ። እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ የሰጡ ሌሊት ፓውንድ ከ1.50 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ ከ1.35 በታች ወረደ። አዲስ አበባ ምንም አልተፈጠረም። በማግስቱ ከለንደን የተላከ ፓውንድ ግን ያነሰ ብር መነዘረ።

ደረጃ 8፦ ሁለቱን ዋጋ አገናኙ

የዚህ መመሪያ ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ጊዜ ሰጥታችሁ ሥሩት።

አንድ ሰው ከአሜሪካ በወር 200 ዶላር ለቤተሰቡ ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2020 አማካይ የባንክ ምንዛሬ 35 ብር ገደማ ነበር። በ2023 ወደ 55 ብር ገደማ ደረሰ።

በ2020፦ 200 × 35 = 7,000 ብር።
በ2023፦ 200 × 55 = 11,000 ብር።

ላኪው «እኔ የምልከው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ብሩ በዝቶላችኋል» ይላል። ሰሌዳውን ላየ ሰው እውነቱን ነው። ተቀባዩ «አይበቃም» ይላል። እሱም እውነቱን ነው። 11,000 ብርን በ2.21 አካፍሉት፦ 4,977 ብር ይመጣል። በ2020 7,000 ብር ይገዛ የነበረው ቤተሰብ አሁን የሚገዛው የ5,000 ብር ዕቃ ነው። ኑሮው 29 በመቶ ወርዷል። እንደ ቀድሞው እንዲኖር 7,000 × 2.21 = 15,470 ብር ያስፈልገዋል፤ በ55 ሲካፈል 281 ዶላር። በዚህ ምክንያት በስልክ ስንት ቅያሜ ተፈጥሯል! እናት ተጣጥራ ስታዳርስ አባካኝ ተብላለች፤ ልጅ ባዕድ አገር ደክሞ ልኮ ንፉግ ተብሏል። ሁለቱም ሳይዋሹ የተጋጩት አንዱ የባንኩን፣ ሌላው የገበያውን ዋጋ ይዞ ስለተናገረ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የሁለቱን አገር ግሽበት ጎን ለጎን አድርጉ። በኢትዮጵያ ዋጋ 2.21 እጥፍ ሆነ። በአሜሪካ በዚያው ሦስት ዓመት አማካይ ግሽበቱ 4.7፣ 8.0 እና 4.1 በመቶ ነበር፤ ሲባዛ 1.18 ገደማ። 2.21ን ለ1.18 ስታካፍሉ 1.87 ይመጣል። ምንዛሬው የዋጋውን ልዩነት ብቻ ቢከተል ኖሮ 35 × 1.87 = 65 ብር ከግማሽ ገደማ መሆን ነበረበት። ሰሌዳው ላይ ግን 55 ነበር። የጎደለው አሥር ብር ተኩል ያህል ነው ከቤተሰቡ ሞሰብ ላይ የተነሳው።

ይህን 65 ትክክለኛው ምንዛሬ ነው ብላችሁ አትያዙ። ስሌቱ የሚነሳው የ2020ው 35 ብር ልክ ነበር ብሎ ነው። ያኔም ጥቁር ገበያው ከባንኩ በላይ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት በነበሩት ወራት ደግሞ የጎዳናው ተመን የባንኩን እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። ስሌቱ የሚያሳያችሁ አቅጣጫውን ነው፤ የባንኩ ተመን ከገበያው ዋጋ ወደ ኋላ መቅረቱንና ልዩነቱ አንድ ቀን መፈንዳቱ እንደማይቀር።

ፈነዳም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዓመት ሳይሞላ 130 ተሻገረ። በሰሌዳው ከእጥፍ በላይ ነው። የዕቃ ዋጋ በዚያው ዓመት ጨምሯል፤ እጥፍ ግን አልሆነም። ስለዚህ በባንክ የሚላከው 200 ዶላር የመግዛት አቅሙ ተመለሰ። በብር ደመወዝ የሚኖረው ሰው ግን ከዚህ ምንም አላገኘም፤ ዘይቱ፣ ነዳጁና መድኃኒቱ የሚገቡት በዶላር ነውና የተረፈው ውድነቱ ነው።

ገንዘቡ በሌላ መንገድ ይደርስ ከነበረ የባንኩን ሳይሆን በእርግጥ እጅ የገባውን ብር ለስሌቱ ተጠቀሙ። አለዚያ ውጤቱ የእናንተን ቤት አይገልጽም።

ደረጃ 9፦ ዶላር ያልሆነ ገንዘብ ካላችሁ

የሳዑዲ ሪያል ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ በ3.75፣ የኤምሬትስ ድርሃም ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 ከዶላር ጋር ታስረዋል። ስለዚህ የዶላሩን ተመን በእነዚህ ቁጥሮች ማካፈል ነው። ዶላር 75 ብር ቢሆን ሪያል 20 ብር መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ያነሰ ከሰጧችሁ ልዩነቱ የአስተላላፊው ነው። የኩዌት ዲናር የታሰረው ከአንድ ገንዘብ ጋር ሳይሆን ከብዙ ገንዘቦች ቅልቅል ጋር ስለሆነ ትንሽ ይወዛወዛል። ዩሮ፣ ፓውንድና የእስራኤል ሼቄል በየቀኑ ይለዋወጣሉ፤ ሁለት ደረጃ አስሉ፦ መጀመሪያ ከዶላር ጋር፣ ከዚያ ዶላሩን ከብር ጋር።

የታሰረ ገንዘብ ግን ማሰሪያው ሊበጠስ ይችላል። ሊባኖስ ያሉ እህቶቻችን ይህን በሥጋቸው ያውቁታል። የሊባኖስ ሊራ ከ1997 ጀምሮ በ1,507.5 ታስሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ግን ወደቀ። በፌብሯሪ 2023 መንግሥት ራሱ ተመኑን 15,000 አደረገው፤ በገበያ ደግሞ ያኔውኑ ብዙ አልፎት በዚያው ዓመት 90,000 ገደማ ደረሰ። በወር 225,000 ሊራ የሚከፈላት ሠራተኛ በድሮው ተመን 150 ዶላር ገደማ ታገኝ ነበር። በ15,000 ስታሰሉት 15 ዶላር ነው። በ90,000 ሁለት ዶላር ተኩል። ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድም አልተቀነሰም። ስለዚህ ውጭ አገር የሥራ ውል ስትፈርሙ ደመወዙ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል፣ በአገሩ ገንዘብ ከሆነም በየትኛው ቀንና በየትኛው ተመን እንደሚቀየር በጽሑፍ ይስፈር።

ዜሮ መቁረጥና ኖት መቀየርን ከመርከስ ለዩ። ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ እስራኤል ሲገቡ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1984 ግሽበቱ ከ400 በመቶ በላይ በሆነበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አዲሱ ሼቄል ሲመጣ 1,000 አሮጌ በአንድ አዲስ ተቀየረ። በዚያ ቅያሬ ማንም አልከሰረም፤ ደመወዙም ዋጋውም እኩል ነው የተካፈለው። ኪሳራው የደረሰው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። የእኛም የመስከረም 2013 ዓ.ም. የኖት ቅያሬ አንድ ለአንድ ነበር፤ በራሱ የብርን ዋጋ አልነካም።

ደረጃ 10፦ መዝግቡ

አንድ ደብተር ወይም ኤክሴል ላይ ስድስት ዓምድ ሥሩ፦ ወር፣ የቤታችሁ ዝርዝር ድምር፣ የመንግሥት የዋጋ ጠቋሚ፣ የባንክ መግዣ ተመን፣ በብር የገባ ገቢ፣ ከውጭ የደረሰ ገንዘብ። በወር አንድ ቀን ብቻ ሙሉት፤ ቀኑ ግን ሁልጊዜ ያው ይሁን፣ ለምሳሌ ደመወዝ በወጣ ማግስት። ለስሌት ሁለት ዓምድ ጨምሩ፦ በሰባተኛው ዓምድ ገቢያችሁን ለቤታችሁ ማባዣ አካፍሉ። ማባዣው የዚያ ወር ድምር ለመጀመሪያው ወር ድምር ሲካፈል የሚመጣው ነው። በስምንተኛው ከውጭ የደረሰውን በመግዣ ተመኑ ወደ ብር ቀይራችሁ በዚያው ማባዣ አካፍሉ።

ዓመት ሲሞላ ሰባተኛው ዓምድ ከመጀመሪያው ወር በታች ከሆነ፣ ለአሠሪያችሁ የምትጠይቁት ጭማሪ የመጀመሪያውን ወር ገቢ በማባዣው አባዝታችሁ የዛሬውን ስትቀንሱ የሚተርፈው ነው። ስምንተኛው ዓምድ ከወረደ ደግሞ የዓምዱን ፎቶ አንስታችሁ ለላኪው ላኩለት። ተመኑም የዕቃው ዋጋም እዚያው ጎን ለጎን አለ።